«ኮንዶሚኒየም» ስለሚባለው ቃል ትርጓሜና አገባብ፤ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ

በቦሌ አካባቢ በሥራ ላይ ለሚገኙ ጥቂት ቻይናውያን በምሽት አማርኛ ማስተማር ከጀመርሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ የግንባታ ሰዎች ናቸው። አማርኛን የሚማሩት በእንግሊዝኛ በኩል ነው፤ ይኸውም እኔ ቻይንኛ ስለማላውቅ፥ እነርሱም ገና አማርኛ ስለማያውቁ፥ የምንግባባበት ሁላችንም ከትምህርት ቤት ባገኘነው በባዕድ ቋንቋ ስለ ሆነ ነው። ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ፥ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ መሐንዲስ፥ በአንድ ምሽት ደብተሩን ይዞ መጥቶ አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ። በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ «ኮንዶሚኒየም» ለሚለው ቃል ሁለት ፍች ተሰጥቷል። አንደኛው፥ ሁለት መንግሥታት በአንድነት የሚገዙት አገር ማለት ነው፤ ሁለተኛው፥ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ክፍል ለብቻው፥ ደረጃውን፥ ጣራውንና ግቢውን ግን ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድነት የሚይዝበት ሕንፃ ማለት ነው። ታዲያ በገርጂ የሚኖር የሥራ ባልደረባው «ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ» ብሎ በደስታ ሲነግረው ከሁለቱ የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ ሊገባው አልቻለም። ግሡም አስቸግሮታል፤ እንግዳ ይደርሳል፥ ደብዳቤም ይደርሳል፤ ቤት ግን ወደ ሰው እንዴት ሊደርስ ይችላል?

የመጀመሪያው ፍች ለጉዳያችን ስለማይጠቅም ከደብተሩ ላይ እንዲሰርዘው ነገርሁት፤ ስለ ሁለተኛውም በችኮላ «በመንግሥት የተሠራ ቤት ማለት ነው» ብዬ መለስሁለት። እርሱም «ታዲያ ቤቱ የመንግሥት ነው ወይስ የባልደረባዬ?» አለኝ። የባልደረባው እንደ ሆነ ነገርሁት። «እንግዲያስ መዝገበ ቃላቱ የጋራ ነው የሚለው የቱ ነው?» ሲለኝ ግን የምመልሰው አጣሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምሽት ዕዳ ነው።

ቃሉ ከላቲን የተገኘ ነው። «ኮን» አብሮ፥ በአንድነት ማለት ሲሆን፥ «ዶሚኒየም» ጌትነት ወይም ባለቤትነት ማለት ነው። የአውሮፓ የሕግ ሊቃውንት በቃሉ መጠቀም የጀመሩት ስለ ቤት ሳይሆን ስለ አገር ግዛት ነበር። ፈረንሳይና እስፓኝ በድንበራቸው ላይ በቢዳሶዋ ወንዝ መካከል ያለችውን ትንሽ ደሴት ስድስት ስድስት ወር እየተፈራረቁ ያስተዳድሯታል፤ እንግሊዝና ፈረንሳይም ዛሬ ቫኑዋቱ የምትባለውን የፓሲፊክ ደሴቶች አገር እ.ኤ.አ. ከ1906 እስከ 1980 ድረስ በአንድነት ገዝተዋል። ለእኛ ግን ከሁሉ የሚቀርበን ምሳሌ ሱዳን ናት። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1899 እንግሊዝና ግብጽ በተፈራረሙት ውል ሱዳን የሁለቱ የጋራ ግዛት ተባለች፤ የእንግሊዝኛ ታሪክ መጻሕፍትም ያን ዘመን እስከ ዛሬ ድረስ በዚሁ ቃል ይጠሩታል። በወረቀት ላይ ጌቶቹ ሁለት ቢሆኑም በሥራ ላይ ሥልጣኑ የእንግሊዞች እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ስሙ የጋራ፥ ነገሩ የአንዱ የሆነ ይዞታ ከቃሉ ጋር አብሮ የኖረ ነገር መሆኑን አንባቢው እዚህ ላይ ቢያስተውል መልካም ነው።

ኢትዮጵያም ቃሉን ባታውቀው እንኳ ነገሩን ያወቀችው በዚያን ጊዜ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ስለ ሱዳን ወሰን በተዋዋሉት ውል አራተኛ አንቀጽ፥ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አቅራቢያ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተፈቀደ። የኪራዩም ዘመን በዓመት አልተቈጠረም፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ መንግሥት ሥር እስካለች ድረስ ነው ተባለ። ጣቢያው በጋምቤላ ተቋቋመ፤ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላም ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ስለዚህ በኢትዮጵያ ምድር ላይ የመጀመሪያው «ኮንዶሚኒየም» ባለ አራት ፎቅ ቤት ሳይሆን፥ ቡና ይጫንበት የነበረ የወንዝ ወደብ ነበር ቢባል ከቀልድ አይቈጠርም።

እኔ ራሴ በእንግሊዝ አገር ተማሪ ሳለሁ ይህን ቃል የሰማሁት በሱዳን ታሪክ ትምህርት ላይ ብቻ ነው። የምኖርበትን ክፍል ማንም ሰው ኮንዶሚኒየም ብሎ አልጠራውም፤ እዚያ ቤቱ «ፍላት» ይባላል። ቃሉን ወደ ቤት ያመጡት አሜሪካውያን ናቸው። ፖርቶ ሪኮ እ.ኤ.አ. በ1958 በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ክፍሎችን ለየብቻ በባለቤትነት ለመያዝ የሚያስችል ሕግ አወጣች፤ በ1961ም የአሜሪካ ምክር ቤት ለእንዲህ ያለ ክፍል መግዣ የሚሰጠው ብድር የመንግሥት ዋስትና እንዲኖረው ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ባንኮችና የቤት ሻጮች በያዙት መንገድ ወደ ዓለም ተሰራጨ።

ቻይናውያን እነዚህን ሁለት ፍቾች በሁለት ቃል ለይተው ይተረጉሟቸዋል። ተማሪዬ እንዳስረዳኝ፥ የአገር የጋራ ግዛት «ጎንግጓን» ሲባል፥ የመኖሪያ ክፍሎች ያሉበት ሕንፃ «ጎንግዩ» ይባላል። ለእኛ ጆሮ ሁለቱም በ«ጎንግ» ይጀምራሉ፤ ለእነርሱ ግን ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ድምፁ ከላይ ወደ ታች ሲወድቅ «በአንድነት» ማለት ነው፤ ከፍ ብሎ ሳይናወጥ ሲነገር ደግሞ «የሕዝብ» ማለት ነው። እንግዲህ ቻይንኛ ተናጋሪው በድምፅ የሚለየውን «የብዙ ሰዎች የጋራ» እና «የሕዝብ» የተባለውን ሐሳብ፥ በእኛ ዘንድ የከተማው ነዋሪም ሆነ እኔ መምህሩ ባንድ ቃል ውስጥ ደባልቀነው ነበር።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። በአዲስ አበባ የቤት አሠሪ ድርጅት ስም የሰፈር ስም መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። ካዛንቺስ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ያሠራ ከነበረው ድርጅት አሕጽሮተ ስም የወጣ ሲሆን፥ ስሙ ከድርጅቱ ብቻ ሳይሆን ከቤቶቹም ዕድሜ በልጧል፤ ሰፊው የሰፈሩ ክፍል በ2017 ዓ.ም. ፈርሷልና። በምሥራቅ በኩል ያለው ሲ ኤም ሲም በደርግ ዘመን በዚያ ቤቶችን ከሠራ የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ድርጅት ስሙን ወርሷል። በእነዚህ ስሞች ውስጥ ነዋሪው የሚሰማው ትርጉም የለም፤ «ኮንዶሚኒየም» ግን ከዚህ የተለየ ዕድል ገጥሞታል። የሰፈር ስም ሳይሆን የነገር ስም ሆኖ ስለ ገባ ትርጓሜ ይዞ መኖር ነበረበት፤ ትርጓሜውንም የሰጡት ሕግ ዐዋቂዎች ሳይሆኑ ቤት ፈላጊዎች ናቸው።

ሕጉስ ቃሉን በአማርኛ በሚገባ ተርጕሞት ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ባረቀቁት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ የጋራ ባለንብረትነት በሰፊው ተደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣውም አዋጅ ቁጥር 370 ርእሱ «የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት» የሚል ነው። ላቲኑ ውስጥ ካሉት ሁለት ክፍሎች «የጋራ» ለ«ኮን»፥ «ባለቤትነት» ለ«ዶሚኒየም» መቆሙን ለሚያስተውል ሰው ይህ ትርጉም እንከን የለበትም። ነገር ግን «የጋራ ሕንፃ ቤት» የሚለው ስም በአዋጅ፥ በውልና በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ቀረ። በዚያው ሰሞን፥ በ1996 ዓ.ም. ገደማ፥ የከተማው አስተዳደር ከጀርመን የቴክኒክ ተራድኦ ድርጅት ጋር በመተባበር በቦሌ ገርጂ የሙከራ ቤቶችን ማሠራት ጀምሮ ስለ ነበር፥ ሕዝቡ ቃሉን ከአዋጁ ሳይሆን ከሲሚንቶው ተማረው።

የቤት ችግሩ ከዚያ በፊት የነበረውን መልክ ሳያስታውሱ የቃሉን ክብደት ማወቅ አይቻልም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፥ አብዛኛው የከተማው ድኻ በቀበሌ ቤት በጥቂት ብር ኪራይ ይኖር ነበር። «የቀበሌ ቤት» ሲባል የጭቃ ግድግዳ፥ የጋራ መጸዳጃ፥ የጋራ የውሃ ቧንቧ፥ የጋራ ግቢ ማለት ነው። ለዚህ ነዋሪ «የጋራ» የተባለው ነገር የሚመኘው ሳይሆን ሊያመልጠው የሚፈልገው ኑሮ ነበር። እንግዲያስ አዲሱን ቤት «የጋራ ቤት» ብሎ ይጠራው ዘንድ እንዴት ይጠበቃል? ትርጉሙን የማያውቀውን የባዕድ ቃል መረጠ፤ ምክንያቱም ያ ቃል ለእርሱ «የጋራ» አይልም። የራስ ቁልፍ፥ የራስ መጸዳጃ፥ የራስ ቈጣሪ ማለት ሆነለት። በዚህ ዓይነት በላቲኑ «አብሮ መያዝ» የነበረው ቃል በገርጂ «ለብቻ መያዝ» ሆኖ ተገለበጠ።

የቃሉ ወሰንም ከሕጉ ጠበበ። በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ በግል ገንዘብ የተሠሩት ሕንፃዎች ክፍላቸው ለየሰዉ የተሸጠ ከሆነ ከገርጂው ቤት ጋር በባሕርያቸው አንድ ናቸው፤ ዳሩ ግን ኮንዶሚኒየም ብሎ የሚጠራቸው የለም። እነርሱ «አፓርታማ» ናቸው፤ በቤት ሻጭ ኩባንያ የተሠሩት ደግሞ «ሪል እስቴት» ይባላሉ። የባዕዶቹ ቃላት የሚለዩት የሕንፃውን ዓይነት ሳይሆን ባለቤቱ ቤቱን ያገኘበትን መንገድ ነው። የቦሌ ሰው «አፓርታማ ገዛሁ» ይላል፤ «ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ» ወይም «ወጣልኝ» ይላል። ለባንክ ለብዙ ዓመት ዕዳውን የሚከፍል ሆኖ ሳለ «ኮንዶሚኒየም ገዛሁ» ያለ እንደ ሆነ ሰሚው ዕጣ ከወጣለት ሌላ ሰው ላይ መግዛቱን ይረዳል።

የተማሪዬን ጥያቄ የሚፈታው ይህ «ደረሰኝ» የሚለው ግሥ ነው። አንባቢ እንደሚያውቀው ከዚህ ግሥ «ድርሻ» የሚለው ስም ይወጣል። በጎጃምና በጎንደር እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ የኖረው ርስት የአንድ አቅኚ አባት ዘሮች ሁሉ የጋራ መብት ነበር፤ ወራሹ የሚያርሰው ማሳ ከዚያ ከጋራው የደረሰው ስለ ሆነ ድርሻው ይባላል፤ ዕጣ እየተጣለ የሚከፈልበትም ጊዜ ነበር። በከተማም ይኸው ግሥ የዕቁብ ግሥ ነው፤ «ዕቁብ ደረሰኝ» እንላለን። እንግዲህ ብዙዎች በአንድነት ካልያዙት ነገር ላይ ለአንድ ሰው ሊደርሰው አይችልም። ሕዝቡ ከስሙ ያወጣውን «ኮን» በግሡ ውስጥ ሳያውቀው መልሶ አስገብቶታል ማለት ነው።

ይህን ለተማሪዬ ባብራራሁለት ጊዜ ፊቱ ፈካ። «ይህማ ጎንግዩ አይደለም፤ ፈንፋንግ ነው!» አለ። ፈንፋንግ ማለት ቤት ማካፈል ማለት ነው፤ በቻይና ከተሞች እ.ኤ.አ. እስከ 1998ቱ ለውጥ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛው ከመሥሪያ ቤቱ ቤት ይታደል ነበር። አባቱ ቤት የደረሳቸው በዚህ ዓይነት እንደ ነበረና ተራቸው እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደ ጠበቁ ተረከልኝ። ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ ያባቱ ታሪክ ቃሉን አስረዳው።

ነገር ግን ይህ የኛ «ጋራ» የሕንፃው ጋራ አለመሆኑን መለየት ያስፈልጋል። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ምዝገባ ከ450,000 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ። በ2005 ዓ.ም. ሁለተኛ ምዝገባ ሲደረግ ከፊተኞቹ ብዙዎቹ ገና ተራቸውን እየጠበቁ ነበርና እንደ ገና ተመዘገቡ፤ እንደ አቅማቸውም 10/90፥ 20/80 እና 40/60 በተባሉ ክፍሎች ተመደቡ፤ ፊተኛው ቍጥር በቅድሚያ የሚቈጠበው፥ ኋለኛው ባንክ የሚያበድረው መቶኛ ነው። እነዚህ ሰዎች በአንድነት የያዙት ነገር አለ፤ እርሱም መጠበቅ ነው። አብረው ይቈጥባሉ፥ አብረው ጋዜጣ ላይ ስማቸውን ይፈልጋሉ። ዕጣው የወጣለት ሰው ግን በዚያኑ ዕለት ከማኅበሩ ይወጣል። ዕቁብ እንደዚህ አይደለም፤ ዕቁብ የደረሰው ሰው የመጨረሻው ዕቁብተኛ እስኪደርሰው ድረስ መጣሉን አያቋርጥም። ባለ ኮንዶሚኒየሙ ዕዳው ከባንክ እንጂ ከቀሩት ወረፈኞች ጋር አይደለም። በደረጃው ላይ የሚያገኛቸው ጎረቤቶቹም አብረውት የጠበቁት ሰዎች አይደሉም፤ ዕጣ ያገናኛቸው እንግዶች ናቸው።

የዚህን ውጤት በሰሚት አካባቢ በአንድ ግቢ ውስጥ ለብዙ ወራት ተመላልሼ ተመልክቻለሁ። የኮንዶሚኒየም ንድፍ አውጪዎች የከተማውን ሰው ባህል ዘንግተውት አልነበረም፤ በየግቢው ከመኖሪያው ሕንፃ ተለይቶ እንጀራ የሚጋገርበት፥ በግ የሚታረድበት፥ ልብስ የሚታጠብበትና ድግስ የሚሰናዳበት ቤት ሠርተዋል። ነዋሪው ይህንንም በባዕድ ቃል «ኮሚናል» ይለዋል። እኔ ባየሁት ግቢ ይህ ቤት በመጀመሪያው ዓመት አገልግሏል፤ ከዚያ ቁልፉ ኮሚቴው እጅ ገባ፤ ቀጥሎም ለዕቃ ማከማቻ ተከራየ። አንድ ሽማግሌ በሞቱ ጊዜ ድንኳኑ የተተከለው መኪና በሚቆምበት ቦታ ላይ ነበር፤ በዓል ሲመጣም በጉ የሚታረደው በደረጃው ሥር ነው። አንዲት በዚያ የሚኖሩ እናት ስለ ኮሚናሉ ስጠይቃቸው «እሱማ የመንግሥት ነው፥ ልጄ» አሉኝ። የእርሳቸውም እንደ ሆነ፥ አዋጁ ከገዙት ክፍል ጋር አብሮ እንደ ሰጣቸው ማንም አልነገራቸውም። እኔ ለተማሪዬ የሰጠሁት የተሳሳተ መልስና የእርሳቸው መልስ አንድ ዓይነት ነበር።

አዋጁ የጋራውን ነገር የሚጠብቅ የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋም ያዛል። በዚያ ግቢም ማኅበር አለ፤ ለጥበቃና ለውሃ መሳቢያ ሞተር ገንዘብ ይሰበስባል። ይሁን እንጂ ዕጣ ከወጣላቸው ብዙዎቹ ወርኃዊ ዕዳውን ለመክፈል ሲሉ ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ርካሽ ቤት ፍለጋ ወደ ዳር ወጥተዋል፤ ተከራዩም ለጣራው እንዲያዋጣ ሲጠየቅ «እኔ ባለቤት አይደለሁም» ይላል፤ እውነቱን ነው። በዚያው ግቢ ግን ከማኅበሩ ይልቅ የሚሠራ ሌላ ድርጅት አለ፤ እርሱም ዕድሩ ነው። ዕድሩ ባለቤትና ተከራይ አይለይም፤ ድንኳን፥ ወንበርና ብረት ድስት አለው፤ ያልከፈለ ይቀጣል፥ ቅጣቱንም ይከፍላል። ማኅበሩ ዶሚኒየም ይዞ ኮን ያጣ፥ ዕድሩ ኮን ይዞ ዶሚኒየም ያጣ ነው። የዕድሩ ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ ስለ ጠፋም ከሊቀ መንበሩ መኝታ ቤት ውስጥ ተደርድሮ አይቻለሁ፤ ኮሚናሉ ከዚያ ሠላሳ ርምጃ አይርቅም።

«ባለቤት» የሚለው የእኛ ቃል ራሱ ለውጭ ተማሪ ቀላል አይደለም። የንብረት ጌታ ማለት ነው፤ ባል ወይም ሚስት ማለትም ነው፤ በሰዋስው ደግሞ ድርጊቱን የሚፈጽመው ማለት ነው። ተማሪዬ ሦስቱንም ጽፎ ከጨረሰ በኋላ የመሬቱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ጠየቀኝ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ ነገርሁት። ይህ አላስገረመውም፤ በአገሩም የከተማ መሬት የመንግሥት ነው፤ ቤት ገዢው የሚያገኘው ለ70 ዓመት በቦታው የመጠቀም መብት ነው።

ያልነገርሁት ነገር ግን ነበር። የካ አባዶም፥ ቦሌ አራብሳም፥ ኮዬ ፈጬም ቤት ሳይሠራባቸው በፊት የገበሬ ማሳ ነበሩ። በዚያ ያርስ የነበረው ገበሬ ካሳ ተቀብሎ ሲነሣ በወረፋው ውስጥ ስሙ አልነበረም፤ የቈጠበም አልነበረም፤ ስለዚህ ከገዛ ማሳው ላይ የሚደርሰው ድርሻ አልነበረውም። በየካቲት ወር 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ከ50,000 በላይ ለሆኑ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፥ በኮዬ ፈጬ ያሉት ቤቶች ለባለ ዕጣዎች መተላለፋቸውን በመቃወም በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ ተደረገ፤ የክልሉም መንግሥት ወሰን ሳይለይ መተላለፉን እንደማይቀበል አስታወቀ። የከተማው አስተዳደር በአንድ ወገን፥ ክልሉ በሌላ ወገን ሆነው በአንድ ምድር ላይ ሥልጣን የማን እንደ ሆነ ተከራከሩ። ዕጣ የወጣለትም ሰው፥ ማሳው የተወሰደበትም ሰው፥ የሁለቱን ውሳኔ በሩቅ ሆኖ ይጠብቅ ነበር።

በሚቀጥለው ትምህርታችን ይህን ለተማሪዬ ከነገርሁት በኋላ፥ በመጀመሪያው ምሽት ከደብተሩ ላይ ያሰረዝሁትን ፊተኛውን ፍች፥ ሁለት መንግሥታት በአንድነት የሚገዙት አገር የሚለውን፥ መልሶ እንዲጽፈው ነገርሁት።